ከመቅደላ የወጡ ሁለት ተማሪዎች

«የተማረ ይግደለኝ» ሲባል እየሰማን ያደግን ልጆች ነን። ትምህርቱ ደግሞ ውጪ አገር ከሆነ በቃ፣ የተባረከ ነው። ሰፈር ውስጥ አንድ ልጅ ስኮላርሺፕ አገኘ ከተባለ ቤቱ በእንኳን ደስ ያላችሁ ይሞላል። እናት በርበሬና ሽሮ ታስፈጫለች፣ አባት ለትኬቱ ከዘመድ ይበደራል፣ ጓደኛ ተሰብስቦ እስከ ቦሌ ይሸኛል። ጥያቄዎቻችንም የታወቁ ናቸው። የት አገር ነው? ምን ልታጠና ነው? ስንት ዓመት ይፈጃል? «እዚያስ ማን አለህ?»

ይቺን የመጨረሻዋን ጥያቄ እንደ ቀላል ነገር ነው የምንጠይቃት። «የአክስቴ ልጅ አለ» ከተባልን «እሰይ!» ብለን እናልፋለን። እኔ ግን የስደተኛ ተማሪን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ከሁሉም ጥያቄ የምትከብደው እሷ ትመስለኛለች። ቋንቋ ይለመዳል። ብርዱም በካፖርት ይቻላል። ፈተና ቢወደቅ ተደግሞ ይታለፋል። ተማሪውን የሚሰብረው «የእኔ» የሚለው ሰው ማጣቱና ስለ ራሱ መንገድ የሚወስኑት ሌሎች መሆናቸው ነው።

እንዲህ ለማለት የደፈርኩት ከአንድ ተራራ ወርደው በባዕድ አገር የተማሩ ሁለት ኢትዮጵያውያን ልጆችን ታሪክ ይዤ ነው። እስቲ ከመጀመሪያው እንነሣ።

ሁለት ልጆች፣ አንድ ተራራ

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በጄኔራል ሮበርት ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሰብሮ ገባ። ዐፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ከሚሰጡ በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። ይህን ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ የተማርነው ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውም ብዙ ተጽፎበታል። የብራና መጻሕፍቱ፣ ታቦታቱ፣ ዘውዱ፣ ጽዋው ሁሉ ተዘረፈ። ዝርፊያውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና 200 የሚጠጉ በቅሎዎች አስፈልገው ነበር ይባላል።

በዚያው ሰሞን ከተራራው የወረዱ ሁለት ልጆችም ነበሩ።

አንደኛውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ነው። በ1861 ደብረ ታቦር ላይ ተወለደ። (ከዚህ በኋላ ዓ.ም. ያላልኩባቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ በሞቱበት ወር ሰባት ዓመት ሞላው።

ሁለተኛው ወርቅነህ እሸቴ ይባላል። በ1865 የተወለደ የጎንደር ልጅ ነው። መቅደላ ስትወድቅ ገና ሦስት ዓመት አልሞላውም ነበር። በዚያ ትርምስ መሀል ከቤተሰቡ ተለይቶ ብቻውን ተገኘ። ኮሎኔል ቻምበርሌን የሚባል እንግሊዛዊ መኮንን አነሣውና ይዞት ወደ ህንድ ሄደ።

አንዱ የንጉሥ ልጅ ነው፤ ወዴት እንደተወሰደ ጋዜጣ ይጽፍለታል። ሌላው ጠያቂ የሌለው ሕፃን ነው። በዚያን ቀን «ከእነዚህ ሁለት ልጆች የትኛው ተምሮ አገሩ ይመለሳል?» ተብሎ ውርርድ ቢቀርብ ሁላችንም በልዑሉ ላይ እንወራረድ ነበር። እንበላ ነበር!

የሁሉም የሆነ፣ የማንም ያልሆነ

እንግሊዞቹ «ልጄን እናንተ አሳድጉት የሚለው የንጉሡ የራሳቸው ፍላጎት ነው» ብለው ጽፈዋል። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ከሠራዊቱ ጋር ወደ ሰሜን ጉዞ ጀመሩ፤ ነገር ግን ታመው ነበርና ብዙም ሳይጓዙ ግንቦት ላይ መንገድ ላይ አረፉ። ጨለቆት ሥላሴ ተቀበሩ። ልጁ በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ አባቱንም እናቱንም አጣ።

ከዚያ በኋላ የቀረው አንድ ሰው ካፒቴን ትሪስትራም ስፒዲ ነበር። ቁመቱ ከሁለት ሜትር ብዙም የማይጎድል፣ ጺማም፣ ቀደም ሲል በዐፄ ቴዎድሮስ ዘንድ ያገለገለና አማርኛ የሚችል ሰው ነው። የእኛ ሰዎች «ባሻ ፈለቀ» ይሉት ነበር። ልጁ ሌሊት ብቻውን መተኛት ስለሚፈራ ከዚህ ሰው ጎን አይጠፋም ነበር። ለምን እንደሆነ መገመት አያቅትም። ከዚያ ሁሉ ፈረንጅ መሀል በእናቱ ቋንቋ የሚያናግረው እሱ ነው።

ሐምሌ 1868 እንግሊዝ ደረሱ። ንግሥት ቪክቶሪያ ዋይት ደሴት ላይ ባለው ኦዝቦርን ቤታቸው ተቀበሉት፤ ወደዱትም። የታወቀችው ፎቶ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን እዚያው ደሴት ላይ ፎቶ አነሣችው። ያን ዓይኑ ትክዝ ያለ ልጅ ፎቶ በመጽሐፍም ሆነ በኢንተርኔት ያላየ ሰው ጥቂት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የዓለማየሁ ሕይወት ሻንጣ ማሰርና መፍታት ነው። ስፒዲ ህንድ ውስጥ የፖሊስ ሹመት አገኘና ልጁን ይዞ አወድ ወደሚባለው ግዛት ሄደ። (ልብ በሉ፣ ወርቅነህም በዚያን ጊዜ እዚያው ህንድ ውስጥ ነው። ሁለቱ የመቅደላ ልጆች ሳይገናኙ አንድ አገር ውስጥ አድገዋል።) ቀጥሎ ስፒዲ ወደ ፔናንግ ተዛወረ። እዚህ ላይ ለንደን ያሉ ባለሥልጣናት ጣልቃ ገቡ። የልጁን ወጪ የሚሸፍነው የእንግሊዝ ግምጃ ቤት ስለሆነ ውሳኔውም የእነሱ ነበር። የንጉሥ ልጅ ከፖሊስ አዛዥ ጋር ሲንከራተት ማደግ የለበትም፤ እንግሊዝ ገብቶ እንደ ጨዋ ልጅ ይማር አሉ። ከስፒዲ ተለየ።

ቼልተናም ኮሌጅ ገባ። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ዶክተር ጄክስ ብሌክ ቤቱ ወስዶ አኖረው። በ1874 ጄክስ ብሌክ የራግቢ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆኖ ሲዛወር ዓለማየሁም አብሮ ተዛወረ። በ1878 ደግሞ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ፤ አልወደደውም። በመጨረሻም ሊድስ ከተማ አስተማሪው ወደነበረው ወደ ፕሮፌሰር ሲሪል ራንሰም ቤት ተላከ። እስቲ ቁጠሩት። ዋይት ደሴት፣ ህንድ፣ ፔናንግ፣ ቼልተናም፣ ራግቢ፣ ሳንድኸርስት፣ ሊድስ። በ11 ዓመት ውስጥ ሰባት ቦታ!

ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ስፒዲ ይወደው ነበር፤ ጄክስ ብሌክ ቤቱን ከፍቶለታል፤ ንግሥቲቱ እስከ መጨረሻው ይጠይቁት ነበር። ትምህርት ቤቶቹ ደግሞ የእንግሊዝ ባለጸጋ ልጁን የሚያስገባባቸው ናቸው። የጎደለው ሌላ ነገር ነው። ማን ጋ እንደሚኖር፣ የት እንደሚማር፣ ምን እንደሚሆን ሁሉም ይወስናል፤ እሱ ግን አይጠየቅም። ስለ ልዑሉ መጽሐፍ የጻፈው አንድሩ ሄቨንስ ከደብዳቤዎች ተነሥቶ እንደሚነግረን ዓለማየሁ አገሬ መመለስ እፈልጋለሁ ብሎ ነበር። ሐሳቡ ብዙም ሳይቆይ ታፈነ።

በ1879 መጸው ሊድስ ውስጥ ብርድ መታው። ሳንባው ታመመ። ሰው መርዝ ሰጠኝ ብሎ ጠርጥሮ ምግብና መድኃኒት አልቀበልም ያለበት ጊዜም ነበር። ኅዳር 14 ቀን 1879 ሞተ። ዕድሜው 18 ዓመት ነበር።

ንግሥት ቪክቶሪያ በዕለት ማስታወሻቸው ላይ ክፉኛ አዝነው ጻፉ። ዘመድ የሚባል አንድ ሰው ሳይኖረው በባዕድ አገር ብቻውን መሞቱን፣ ሕይወቱ ደስታ ያልነበረበትና በችግር የተሞላ መሆኑን፣ በቆዳው ቀለም ምክንያት ሰዎች ትኩር ብለው ያዩኛል እያለ ይሳቀቅ እንደነበር አስፍረዋል። ይህን አንብቤ ስጨርስ አንድ ጥያቄ ያስቸግረኛል። ይህን ሁሉ ካወቁ፣ ልጁ በሕይወት እያለ ለምን ወደ አገሩ አልሰደዱትም?

ዊንዘር በሚገኘው ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ተቀበረ። መታሰቢያ ሰሌዳው ላይ የማቴዎስ ወንጌል እንግዳ ስለ መቀበል የሚናገረው ቃል ተቀርጿል። በ2007 ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ አስከሬኑ እንዲመለስ ጠየቁ፤ አልሆነም። በ2023 ቤተ መንግሥቱ፣ የሌሎችን ሙታን ማረፊያ ሳይነኩ አስከሬኑን ማውጣት እንደማይቻል ገልጾ በድጋሚ እምቢ አለ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ከስፒዲ ቤተሰብ እጅ የቆየ የፀጉሩ ቁራጭ ለንደን ውስጥ ለኢትዮጵያ ተወካዮች ተሰጠ። ከ155 ዓመት በኋላ ለአገሩ ሰዎች እጅ የበቃው ይኸው የፀጉር ቁራጭ ነው።

ስሙ የተለወጠው ልጅ

አሁን ወደ ሕፃኑ ወርቅነህ እንመለስ።

የሱም ዕድል አስደሳች ሆኖ አልጀመረም። ይዞት የሄደው ኮሎኔል ቻምበርሌን ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ሞተ። ልጁ ለሁለተኛ ጊዜ ያለ ሰው ቀረ። ኮሎኔል ማርቲን የሚባል ሌላ መኮንን የትምህርት ወጪውን ቻለለት። ልጁም ቻርለስ ማርቲን ተባለ። አማርኛው ጠፋ። የወላጆቹ መልክ ጠፋ። ወርቅነህ የሚለው ስም ራሱ ጠፋ። ኢትዮጵያዊ መሆኑን ያውቃል፤ ኢትዮጵያን ግን አያውቃትም።

ያደገው ራዋልፒንዲና አምሪትሳር በሚባሉ ከተሞች በሚስዮን ትምህርት ቤቶች ነው። ንግሥት አልጠየቀችውም፣ ፎቶ አንሺ አልተከተለውም። ላሆር የሕክምና ኮሌጅ ገብቶ በ1882 ተመረቀ፤ ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላውም። እዚያው ህንድ ውስጥ በሐኪምነት ሠራ። ቀጥሎ ስኮትላንድ ሄዶ በ1891 ተጨማሪ የሕክምና ማረጋገጫ ያዘ፤ ከዚያም በርማ ውስጥ የመንግሥት ሐኪም ሆነ። ከዚህ በኋላ አንቱ ብንላቸው ይሻላል፤ ሐኪም ሆነዋላ!

ልብ በሉ፣ የሁለቱ ልጆች ልዩነት እዚህ ላይ መታየት ይጀምራል። ዓለማየሁ ልዑል ስለሆነ ከልዑል የሚጠበቅ ነገር ሁሉ ተጫነበት። ወርቅነህን ማንም ምንም ስላልጠበቀባቸው ሙያ ለመማር ጊዜ አገኙ። ሙያው ደመወዝ አመጣ። ደመወዙ ደግሞ ዓለማየሁ አንድ ቀን እንኳ በእጁ ያልገባውን ነገር አመጣላቸው፤ ልሂድ ካሉ መሄድ መቻልን።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተገኘው የዓድዋ ድል ዜና ዓለምን አዳረሰ። በርማ ያሉት ሐኪም ጆሮም ደረሰ። የተወለዱበት አገር የአውሮፓን ጦር ማሸነፉን ሰሙ። ሠላሳ ዓመት ሞልቷቸዋል፣ ሥራ አላቸው፣ ማንንም የማስፈቀድ ግዴታ የለባቸውም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በኤደንና በሐረር በኩል አድርገው አዲስ አበባ ገቡ።

ጠባሳው

አዲስ አበባ የገቡት ግን እንደ ባዕድ ነው። አማርኛ አይችሉም። ስማቸው የፈረንጅ፣ አለባበሳቸው የፈረንጅ፣ አስተዳደጋቸው የፈረንጅ ነው። ድንኳን ተክለው በሽተኛ በነጻ ማከም ጀመሩ። በልጅነቱ ከመቅደላ የተወሰደ ሐኪም መጥቷል የሚል ወሬ በአገሩ ተሰማ።

ወሬውን ከሰሙት መካከል አያታቸው ነበሩ። መጡ። ይህ ሰው የልጅ ልጄ ነው አሉ። ሐኪሙ ራሳቸው በተረኩት መሠረት አያታቸው ማስረጃ ያደረጉት በሕፃንነታቸው እጃቸውና እግራቸው ላይ የቀረውን ጠባሳ ነው። ተፈለገ፤ ተገኘ። ቻርለስ ማርቲን እንደገና ወርቅነህ እሸቴ ሆኑ። ከዚያማ አማርኛን እንደ ቄስ ተማሪ ከሀ ሁ ጀመሩ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ፊልም ይወጣው ነበር። ግን አላበቃም። ሐኪም ወርቅነህ ወደ በርማ ተመለሱ፤ እንደገና መጡ፤ እንደገና ሄዱ። ለመኖር ጠቅልለው የገቡት በ1919 ነው። 20 ዓመት ያህል በሁለት ዓለም መሀል ተመላልሰዋል ማለት ነው። በሕይወት ታሪካቸው ላይ ፒተር ጋሬትሰን የጻፈው መጽሐፍ (2012) ርዕሱ ላይ «የቪክቶሪያ ዘመን ጨዋ ሰው» እና «ኢትዮጵያዊ ብሔርተኛ» የሚሉትን ሁለት ስሞች ጎን ለጎን አስቀምጧቸዋል። አንዱን መርጦ ሌላውን መተው የሚቻል አልነበረም። ውጪ የተማረ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

የተመለሱት ግን ባዶ እጃቸውን አልነበረም። በ1925 የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲከፈት ኃላፊ ሆኑ። አንድ ጊዜ ከአፋቸው ጠፍቶ በነበረው በአማርኛ የዓለም ጂኦግራፊ መጽሐፍ አሳተሙ። በ1930 የጨርጨር ገዢ ሆነው ተሾሙ። በ1935 ፋሺስት ጣሊያን ኢትዮጵያን ሲወር ለንደን ውስጥ የአገራቸው ሚኒስትር ነበሩ፤ ከመቅደላ የወሰዳቸው ጦር በተላከበት ከተማ ቆመው ስለ ኢትዮጵያ ተከራከሩ።

ዋጋውንም ከፍለዋል። እንግሊዝ አገር ምሕንድስና አስተምረዋቸው የተመለሱትን ሁለት ልጆቻቸውን፣ ዮሴፍንና ቢንያምን፣ በ1937 በግራዚያኒ ላይ ከተጣለው ቦምብ በኋላ ጣሊያኖች ገደሏቸው። በዚያ ጭፍጨፋ ወራሪው ለይቶ ካጠቃቸው መካከል የተማሩ ወጣቶች ነበሩ። አባትየው እስከ 1952 ኖሩ።

ታዲያ ለእኛ ምን አለው?

ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ሳያቸው «አንዱ ጎበዝ ነበር፣ ሌላው ሰነፍ» ማለት አልችልም። ዕድልም አለበት። በሽታ ማንንም አይመርጥም፤ ሁለተኛው ኮሎኔል ባይገኝ ኖሮ የወርቅነህም ታሪክ ሌላ ይሆን ነበር። ነገር ግን በግልጽ የሚታይ ነገርም አለ። ከሁለቱ የተሻለው ትምህርት ቤት የዓለማየሁ ነበር። የተሻለው ቤት፣ የተሻለው ገንዘብ፣ የተሻለው ዘመድ አዝማድ መሰል ሰው ሁሉ የዓለማየሁ ነበር። ያልነበረው የመመለሻ መንገድ ነው።

ዛሬ ማንም ልጅ በጦር ተይዞ ትምህርት ቤት አይገባም። ፈቅደን ነው የምንሄደው፤ እንዲያውም ቪዛ ለማግኘት ስንት ወረፋ ተሰልፈን! ይሁንና አንድ ነገር ልብ እንበል። ከተሄደ በኋላ መመለስ ዛሬም ቢሆን ቀላል አይደለም። የሚከለክለው የእንግሊዝ ግምጃ ቤት አይደለም፤ እኛ ነን። ያ የተበደርነው ብር፣ ያ የሸኘነው ሰው ብዛት፣ ያ «ልጃችን አሜሪካ ነው» የምንለው ኩራት በሩን ይዘጋበታል። ትምህርቱ የከበደው ልጅ «ከበደኝ» ማለት አይችልም። ያመመው ልጅ ስልክ ላይ «ደህና ነኝ» ይላል። ሌሊት መጋዘን ውስጥ ሲሠራ አድሮ ጠዋት ክፍል የሚገባ ልጅ በዓል ሲደርስ ብር መላክ አለበት። ትምህርቱን አቋርጦ ከተመለሰማ ሰፈሩ ስም ያወጣለታል።

የንግሥቲቱ ሐዘን የእኛም እንዳይሆን እፈራለሁ። እሳቸው ልጁ እንደተከፋ ያውቁ ነበር፤ በደንብ አድርገው የጻፉት ግን ከሞተ በኋላ ነው። እኛም ባዕድ አገር በብቸኝነት የወደቀ ልጅ ሬሳ በመጣ ጊዜ እናለቅሳለን። በሕይወት እያለ ግን «መመለስ ከፈለግህ ና» ለማለት አፋችን ይያዛል።

ዓለማየሁ የሚፈልገው ቤተ መንግሥት አልነበረም፤ መልሱኝ ሲል የሚሰማው ሰው ነበር። ወርቅነህን ደግሞ የተቀበሏቸው አያት ዲፕሎማቸውን አይተው አይደለም፤ ጠባሳቸውን አይተው ነው። ውጪ የሚማር ወንድም፣ እህት ወይም ጓደኛ ያላችሁ ሰዎች ዛሬ ማታ ደውሉለት። ውጤቱን ቀስ ብላችሁ ትጠይቁታላችሁ። መጀመሪያ ግን ዲግሪ ይዞም ይምጣ ሳይዝ በሩ ክፍት መሆኑን ንገሩት።